ለባዮሎጂ ክፍል የትኛው ኤአር ይሻላል? ስልክ፣ ኩብ፣ ወረቀት ወይስ የበሬ ልብ

«ለባዮሎጂ የሚሆን ጥሩ የኤአር አፕ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ከመምህራን ደጋግሞ ይመጣል። እኔ ደግሞ መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የትኛውን ምዕራፍ ልታስተምሩ ነው? እጃችሁ ላይ ያለው ስልክስ ምን ዓይነት ነው? ሁለቱ ካልታወቁ የአፕ ስም መደርደር ትርፉ ድካም ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ እንናገር። ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ማለትም ኤአር፣ በስልክ ካሜራ በምናየው እውነተኛ ነገር ላይ ኮምፒውተር የሠራውን ቅርጽ ይደርባል። ጠረጴዛው ያው የክፍሉ ጠረጴዛ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ልብ ተቀምጦበት ሲመታ ይታያል። ዞራችሁ ከኋላ ታዩታላችሁ፤ ጠጋ ስትሉ ይተልቃል። ከቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ቪአር ዙሪያውን በሙሉ ይሸፍነዋል፣ ኤአር ግን ክፍሉን እንዳለ ይተወዋል።

የምጽፈው የኢትዮጵያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያሰብኩ ነው። ስልሳ ተማሪ፣ አንድ ወይ ሁለት የመምህር ስልክ፣ ሲገኝ ፕሮጀክተር፣ ሲኖር መብራት። ስለዚህ ዓይን ላይ የሚደረገውን የኤአር መነጽር ከወዲሁ እንለፈው። የአፕል ቪዥን ፕሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ 3,499 ዶላር ነበር። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ሆሎሌንስ 2ን ማምረት አቁሟል። የምናወራው ስለ ስልክ ነው።

መጀመሪያ ምዕራፉ

ኤአር ለሁሉም ርዕስ አይሆንም። የሚጠቅመው ዙሪያውን ካላዩት በቀር የማይገባ ነገር ሲኖር ነው። ልብ፣ ጆሮ፣ ኔፍሮን (ኩላሊት ውስጥ ያለው ጥቃቅን ማጣሪያ)፣ ዲኤንኤ፣ የህዋስ ውስጥ አካላት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የዘር ውርስ ሠንጠረዥ ለመሙላት ግን እርሳስና ወረቀት ይበቃል። የ9ኛ ክፍሉ የኢኮሎጂ ምዕራፍ ከሆነ ደግሞ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ግቢው መውጣት ነው። ሣርና ጉንዳን እያለ በስክሪን ላይ የሚንሳፈፍ ዛፍ ማሳየት አይገባኝም።

አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት ለኤአር የሚመቹት የ9ኛ ክፍሉ ስለ ህዋስ የሚያወራው ምዕራፍ፣ የ10ኛው የሰው ባዮሎጂ፣ የ11ኛው ጄኔቲክስና የ12ኛው የሰው አካል ሥርዓቶች ናቸው። በእነዚህም ውስጥ ቢሆን መምረጥ ያስፈልጋል።

ልብን እንውሰድ። እዚህ ላይ የኤአር ትልቁ ተፎካካሪ ሉካንዳ ቤት ነው። የበሬ ልብ ገዝቶ፣ ለሁለት ሰንጥቆ ትሪ ላይ ማቅረብ ይቻላል። ተማሪው የግራው ቬንትሪክል (የታችኛው የልብ ክፍል) ግድግዳ ከቀኙ ምን ያህል እንደሚወፍር በጣቱ ይለካል። ቫልቩን ይነካል። ቫልቩን የሚወጥሩትን ነጫጭ ክሮች ይስባል። ይህን የሚሰጥ ስክሪን የለም። ጉድለቱ ደግሞ ልቡ አይመታም። ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ሁለቱ ኤትሪየሞች (የላይኞቹ የልብ ክፍሎች) ቀድመው፣ ሁለቱ ቬንትሪክሎች ተከትለው እንደሚጨመቁ ከሞተ ሥጋ ላይ አይታይም። የእኔ ምርጫ ልቡን አስቀድሞ ማስነካት፣ ከዚያ የሚመታውን በኤአር ማሳየት ነው። አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ያለማመንታት ሉካንዳ ቤት እሄዳለሁ።

በጾም ወቅት ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያኔ ኤአሩ ይቅደም።

ህዋስ ሌላ ነገር ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ ጠብታ አዮዲንና ማይክሮስኮፕ ካላችሁ የህዋስ ግድግዳና ኒውክለስ ይታያሉ። ይህን በኤአር መተካት ተማሪውን መበደል ነው። ለህዋሱ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ግን ውፍረቱ ከ1 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም። በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ እንዲህ ነው ብሎ ማሳየት አይቻልም። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞምማ ከ20 እስከ 30 ናኖ ሜትር ነው፣ ተስፋም የለው። ኤአር ሥራ የሚያገኘው ማይክሮስኮፑ ካቆመበት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኛው የኤአር ህዋስ መጠንን ያዛባል። ሁሉም ነገር እንዲታይ ስለሚፈለግ ራይቦዞሙን አግዝፈው ያሳዩታል። ማይቶኮንድሪያው ሎሚ ቢያህል ራይቦዞሙ የጤፍ ፍሬ ነው። ይህን በቃል ካልነገራችኋቸው ስልኩ ያሳያቸውን ይዘው ይቀራሉ።

ኔፍሮን ላይ ኤአር ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። በአንድ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን አለ፣ በዓይን ግን አንዱም አይታይም። የመጽሐፉ ሥዕል ጠፍጣፋ ነው። ቱቦው ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ተመልሶ ወጥቶ ከራሱ ግሎሜሩለስ (ደሙ ከሚጣራበት የደም ሥር ጥቅል) አጠገብ እንደሚያልፍ ከሥዕሉ ለመረዳት ይከብዳል። ዞር ብሎ ላየው ግን ወዲያው ይገባል። የፕሮቲን ሲንተሲስ (ህዋሱ ፕሮቲን የሚሠራበት ሂደት) ግን ተቃራኒው ነው። እዚያ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ስለሆነ ጥሩ ቪዲዮ እያቆሙ ማስረዳት ይበልጣል።

ቀጥሎ ስልኩ

ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኤአር በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ያለ ምንም ምልክት ወለሉን ወይም ጠረጴዛውን ራሱ አውቆ ቅርጹን ያስቀምጣል። ሁለተኛው የታተመ ምልክት ወይም ሥዕል ይፈልጋል፤ ካሜራው ምልክቱን ሲያይ ቅርጹ እላዩ ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ዓይነት በአንድሮይድ ላይ የሚሠራው ስልኩ የጉግልን ኤአርኮር ሲደግፍ ነው። ጉግል ይህን የሚያጸድቀው ሞዴል በሞዴል ነው። ስልኩ አዲስ መሆኑ ዋስትና አይሆንም። ካሜራውና የእንቅስቃሴ ጠቋሚዎቹ ተናበው መሥራት አለባቸው። በርካሽ ስልኮች ላይ ደግሞ የስልኩን መዞር የሚለካው ጋይሮስኮፕ ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁለት ቴክኖ ወይም ሁለት ሳምሰንግ ይዛችሁ አንዱ ሠርቶ ሌላው እምቢ ቢል አትገረሙ። የምርት ስሙ ሳይሆን የሞዴሉ ቁጥር ነው የሚወስነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ ፎር ኤአር የሚለውን ፈልጉ። ከስልካችሁ ጋር አይስማማም ካለ ነገሩ አለቀ፣ ወደ ምልክቱ ዓይነት እለፉ። አይፎን ላይ ጣጣው ያንሳል። ከ6ኤስ ጀምሮ ያሉት የአፕልን ኤአርኪት ይደግፋሉ።

ምልክት የሚጠቀመው ዓይነት ካሜራ ባለው ተራ ስልክ ላይ ይሠራል። ለዚህም ነው እኔ ወደ እሱ የማዘነብለው። ወረቀት ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ማባዛት ማንም ይችላል።

አማራጮቹ በየተራ

ዝግጁ ሆኖ ከሚገኘው ቀላሉ የጉግል ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባዮዲጂታል የተባለው ድርጅት የሠራቸው የሰው አካል ሥርዓቶችና ቪዝብል ቦዲ የተባለው ድርጅት የሠራቸው የእንስሳ፣ የዕፅዋትና የባክቴሪያ ህዋሶች በፍለጋው ውስጥ ገብተው ነበር። አፕ መጫን የለም፣ ክፍያ የለም። ግን ኤአርኮር ይፈልጋል፤ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። የትኛው ቅርጽ እንደሚቆይ የሚወስነው ደግሞ ጉግል ነው። ለነገው ክፍል ዛሬ ማታ ፈትሹት፣ ለዓመት ዕቅድ ግን አትመኩበት።

መርጅ ኩብ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ በእጅ የሚያዝ ኩብ ነው። በየገጹ የተለያየ ምልክት አለበት። ኩቡን ስታዞሩ ስክሪኑ ላይ ያለው ቅርጽ አብሮ ይዞራል። ተማሪው ቅርጹን በእጁ የያዘ ስለሚመስለው ከሁሉም ይበልጥ የሚወዱት ይህን ነው። ዋናው ኩብ ከስፖንጅ የተሠራ ነው፤ ታትሞ፣ ተቆርጦ የሚጣበቅ የወረቀት ስሪቱ ግን ነጻ ነው። ወጪው ያለው አፑ ላይ ነው፤ ሙሉው ይዘት በዓመት ክፍያ ነው የሚከፈተው። ከብር ሒሳብ በዶላር መክፈል ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ለእናንተ አልነግራችሁም። ውጭ አገር ያለ የቀድሞ ተማሪ «ለትምህርት ቤቴ ምን ላድርግ?» ካለ ከአሮጌ ኮምፒውተር ይልቅ ይህን ቢከፍል ይሻላል። ግን የሚከፈለው በየዓመቱ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት።

የአናቶሚ አፖች ሦስተኛው መንገድ ናቸው። የቪዝብል ቦዲው ሂውማን አናቶሚ አትላስ በይዘት ጥልቀቱ ጥሩ ነው። ለህክምና ተማሪም ይበቃል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የማይፈልገው መቶ ዓይነት ስም ይደረድርበታል። ክፍያ አለው፣ ፋይሉም ከባድ ነው። ፍሮጊፒዲያ የሚባለው የእንቁራሪት አፕ እ.ኤ.አ. በ2018 የአፕል የዓመቱ ምርጥ የአይፓድ አፕ ተብሏል። ሥራው ያምራል። ግን ለአይፎንና አይፓድ ብቻ ነው የተሠራው። አንድሮይድ ብቻ ላለው ትምህርት ቤት መኖሩን ማወቅ ምንም አይጠቅም።

አራተኛው መንገድ ራስ መሥራት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ቀላል ስለሆነ። ሁለት ነጻ መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ሞዴል ቪዩወር የሚባለው የጉግል ክፍት ምንጭ ነው። ድረ ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ኮድ ጽፋችሁ ባለ ሦስት ገጽታውን ቅርጽ ታስገባላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ፣ ኤአር የማይችል ስልክ ቢከፍተውም ባዶ አይቀርም፤ ቅርጹን በጣት እያዞሩ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው ኤአር ዶት ጄኤስ ነው። ይህ ምልክት የሚጠቀም ነው፤ አፕ ሳይጫን በስልኩ ብራውዘር ይሠራል። የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ መምህር ካገዛችሁ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ የመጀመሪያውን ልታዩት ትችላላችሁ። ገጹን ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማስቀመጥ ይቻላል። ብራውዘሩ ካሜራ የሚከፍተው አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ሲጀምር ብቻ ነው፤ ጊትሀብ ይህን ያሟላል።

ቅርጹስ ከየት ይመጣል? ኤንአይኤች 3ዲ የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ገጽ የፕሮቲን፣ የቫይረስና የአካል ክፍል ቅርጾችን በነጻ ያቀርባል። ስኬችፋብ በሚባለው የቅርጽ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይም የክርዬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ሠሪው ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚሰጠው ፈቃድ) ያላቸው ብዙ አሉ። የሠሪውን ስም መጥቀስ ግዴታ ሊሆን ስለሚችል ፈቃዱን አንብቡ። ፋይሉ ከባድ ከሆነ ብሌንደር በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ማቅለል ይቻላል። ጥቂት ሜጋባይት ላይ ካደረሳችሁት ደካማ ኮኔክሽንም ይሸከመዋል።

ኮድ ለሚያስፈራው መምህር አሴምብለር ኢዱ አለ፤ የኢንዶኔዥያ ድርጅት የሠራው ነው። ቅርጾችን እየጎተቱ ትምህርት ማዘጋጀት ይቻላል። ነጻው ስሪት ገደብ አለበት። ለመልመጃ ግን ይበቃል።

ነጻ የሆነው እስከ መቼ?

ይህን ርዕስ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ጉግል ኤክስፔዲሽንስ የሚባል ለትምህርት ቤቶች የተሠራ የኤአርና ቪአር አፕ ነበረው። ጉግል እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2021 ዘጋው። የቅርጽ ማከማቻው ፖሊም በዚያው ቀን ተዘጋ። ሜታ ስፓርክ የተባለው የፌስቡክ የኤአር መሥሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ቆመ። በእነዚህ ላይ ትምህርት ያዘጋጁ መምህራን ሥራቸውን ከዜሮ ጀመሩ።

ስለዚህ ሁለት አማራጭ በሌላው ነገር እኩል ከሆኑብኝ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሬ ማውረድ የምችልበትን እመርጣለሁ። ጂኤልቢ የሚባለው የፋይል ዓይነት በብዙ ሶፍትዌር ይከፈታል። አንዱ ድርጅት ቢዘጋ ቅርጹ እጃችሁ ላይ ይቀራል። በአፕ ውስጥ ተቆልፎ ያለ ይዘት ግን ከአፑ ጋር ይሄዳል።

ይዘቱ ትክክል ነው ወይ?

ማማር ሌላ፣ ትክክል መሆን ሌላ። አፑን ለተማሪ ከማሳየታችሁ በፊት እነዚህን እዩበት።

ዲኤንኤው ወደየት ይጠመዘዛል? የተለመደው ዲኤንኤ ቀኝ ዞር ነው። አቁማችሁት ከፊት ስታዩት፣ ወደ እናንተ ያለው ክር ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ መውጣት አለበት። በተገላቢጦሽ የተሠራ ሥዕል በየቦታው ሞልቷል፤ ማስታወቂያ ላይማ አይቆጠርም። በአንድ ዙር ውስጥ ያሉት የቤዝ ጥንዶችም (ሁለቱን ክሮች የሚያገናኙት መወጣጫዎች) አሥር ገደማ መሆን አለባቸው።

የዕፅዋት ህዋሱ ማይቶኮንድሪያ አለው? ክሎሮፕላስት ስላለ ማይቶኮንድሪያ አያስፈልግም የሚለው ስህተት ተማሪው ዘንድ ቀድሞም አለ። ቅርጹ ሲያጸድቀው ደግሞ ለመንቀል ይከብዳል።

የልቡ ቬንትሪክሎች አብረው ይጨመቃሉ ወይስ በየተራ? አብረው ካልሆነ ተዉት። ኦክስጅን ያነሰው ደም ሰማያዊ ሆኖ ከታየ ግን አፑን መጣል አያስፈልግም፤ ለመለየት የተመረጠ ቀለም መሆኑንና ደሙ ጥቁር ቀይ መሆኑን መንገር ይበቃል። በሰልፊ ካሜራ ልብን ደረት ላይ የሚያሳይ አፕ ከሆነ ደግሞ ምስሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል። ግራና ቀኝን ለማስተማር ከዚህ የባሰ መንገድ የለም።

ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ራሱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ያን ያህል አያሳስበኝም። የተራኪው ፍጥነት ነው የሚያሳስበኝ። በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማረ ሁሉ ያስታውሳል። ድምፁ ተማሪውን አይጠብቅም፤ መምህሩም ማስቆም አይችልም ነበር። ድምፁን ዘግታችሁ ራሳችሁ የምታስረዱበት አፕ ምረጡ። ድምፁ የማይዘጋ ከሆነ የስልኩን ድምፅ አጥፉት።

ስልሳ ተማሪ፣ አንድ ስልክ

ሒሳቡን እንሥራ። በአምስት በአምስት ብትከፍሏቸው 12 ቡድን ይሆናል። አንድ ስልክ ካለና ለአንድ ቡድን 3 ደቂቃ ብትሰጡ 36 ደቂቃ ሄደ። ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ ያልደረሳቸው ደግሞ ሲያወሩ ቆዩ። አራት ስልክ ከሆነ ግን ለአንድ ቡድን 12 ደቂቃ ይደርሳል። ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ የሚከለክል ትምህርት ቤት ከሆነ ከዲፓርትመንቱ መምህራን ስልክ መዋስ ወይም ለዚያ ቀን ብቻ ርዕሰ መምህሩን ማስፈቀድ ነው። አራት ስልክ ካልተገኘ ኤአሩን በየቡድኑ አትሞክሩት።

ያኔ ፕሮጀክተር ይሻላል። ግን ልብ በሉ፣ ኤአር በፕሮጀክተር ሲወጣ ጥቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዙሪያውን የሚዞረው መምህሩ ብቻ ነው፤ ተማሪው የሚያየው ጠፍጣፋ ምስል ነው። በዚህ ጊዜ ካሜራውን ዘግቶ ያንኑ ቅርጽ ላፕቶፕ ላይ እያዞሩ ማሳየት እኩል ያስተምራል፤ እንዲያውም ምስሉ አይንቀጠቀጥም።

ምልክት ለምትጠቀሙ ጥቂት የእጅ ሥራ ነገሮች። የሚያንጸባርቅ ወረቀት አትጠቀሙ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ካሜራው ይታወራል። በምልክቱ ጥቁር ክፈፍ ዙሪያ ነጭ ቦታ ተዉ። ተማሪው ወረቀቱን ሲይዝ ጣቱ ክፈፉን ከነካ ቅርጹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ከዳር መያዣ ተዉለት። ገጾቹን ከክፍል በፊት ኮኔክሽን ባለበት ክፈቱና ሳትዘጉ ይዛችሁ ግቡ።

ለመጀመር የምትሹ ከሆነ ከኔፍሮን ጀምሩ። አንድ ነጻ ቅርጽ፣ አንድ የታተመ ምልክት፣ አራት የተዋሳችኋቸው ስልኮች ይበቃሉ። ሁለት ሴክሽን የምታስተምሩ ከሆነ አንዱን በመጽሐፉ ሥዕል፣ ሌላውን በኤአር አስተምሩ። በሳምንቱ መጽሐፍ አስዘግታችሁ ኔፍሮንን ከራሳቸው እንዲሥሉ አድርጉ። ቱቦው ወደ ግሎሜሩለሱ ተመልሶ መምጣቱን የሣሉትን በየሴክሽኑ ቁጠሩ። ልዩነት ካላያችሁ የዓመት ክፍያውን አትክፈሉ። ስልኮቹ በካሜራው ምክንያት ይግላሉ፣ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳሉ፤ ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ተከታታይ ከሆኑ ፓወር ባንክ ያዙ።